ኬኔዲ የሞተው ኅዳር ሲታጠን ነው? አባቴን ልመነው ወይስ ልከራከረው?

የሰፈሬ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ቤታችን ውስጥ ክርክር አስነሥቷል።

አባቴ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። መርካቶ ተወልዶ መርካቶ ያደገ ሰው ነው። ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ጠዋት ግቢውን ጠርገን ቆሻሻውን ጥግ ላይ ስንለኩስ፣ ወንበሩን አስወጥቶ ቁጭ ብሎ ያየናል። ጭሱ ወደ እሱ ሲዞር ዓይኑን ጨፈን አደረገና «ኬኔዲም የሞተው እንዲህ ጭስ ጭስ ሲል ነው» አለ።

የምን ኬኔዲ? ስለው ተቆጣ። «የአሜሪካው ነዋ! ጭሱ መሃል ቆመን በሬዲዮ ሰማን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች።»

አላመንኩትም። አንደኛ፣ ስልኬ ላይ ሳይ ኬኔዲ የሞተው ኖቬምበር 22 ነው። ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ኖቬምበር 21 ነው የሚውለው። ሁለተኛ፣ አያቴ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ከየት አውቃው ነው የምታለቅስለት? አራዳ ጊዮርጊስ ደርሳ ስትመለስ «መንገድ ሄጄ መጣሁ» የምትል ሴት ነበረች። ሦስተኛ፣ አባዬ «ጃንሆይ ከሬሳው ኋላ ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይቻለሁ» ይላል። እሱን አልኩና ዝም አልኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አፍራለሁ። ስድስት ኪሎ አራት ዓመት ስማር ኬኔዲ ላይብረሪ አጥንቼበታለሁ፣ ተኝቼበታለሁ፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛዬን ያገኘሁትም እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ሰውየው ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰፈራችን ውስጥም ኬኔዲ የሚባል ሽማግሌ ነበር። በዚያ ዓመት ስለተወለደ ነው ይባላል።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። አባቴን ይቅርታ ልጠይቀው ወይስ ልሳቅበት?

ቀን ቆጣሪ

ይቅርታ ጠይቀው።

ኅዳር 12 ኖቬምበር 21 ላይ የሚውለው በአብዛኛው ዓመት ነው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። 1955 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ 6 ሆናለች። ስለዚህ የ1956 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ በጣትህ ቁጠር። ኅዳር 12፣ 1956 ልክ ኖቬምበር 22፣ 1963 ላይ ያርፋል። ዕለቱ ዓርብ። አባትህ ቀኑን አልሳቱም።

ሰዓቱን ግን ስተዋል። ዳላስ ላይ የተተኮሰው በእነሱ ልክ እኩለ ቀን ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። በእኛ ከምሽቱ 3፡30 መሆኑ ነው። ሐኪሞቹ ሞቷል ያሉት ደግሞ በእኛ 4 ሰዓት ላይ። የዚያ ዘመን የመርካቶ ሰው በዚያ ሰዓት በሩን ቀርቅሮ ተኝቷል። የጠዋቱ እሳት አመድ ሆኗል። እንደ እኔ የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ቴሌቪዥኑ ጨርሶ አይሆንም። እኛ አገር ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ነው። ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት በሚያሳዩት ዜና አይተው ይሆናል። በስልሳ ዓመት ውስጥ ሲኒማው ቴሌቪዥን ቢሆን አይገርምም። እኔ የትናንቱን እራቴን አላስታውስም።

ቡና ያለ ስኳር

ቀኑ ልክ ይሁን። እኔን የሚያበሽቀኝ ለቅሶው ነው።

ጃንሆይ ወሬው እንደደረሳቸው አውሮፕላን ተሳፈሩ። እሺ። በ1953 ታኅሣሥ ግርግር ለሞቱት የራሳችን ሰዎች ግን ስንቱ ቤት ጮክ ብሎ ማልቀስ ፈርቶ አፉን በነጠላ ይዞ ነው ያለቀሰው? ሕዝቡ ለኬኔዲ ያዘነው ጃንሆይ ስላዘኑ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሳቸው አገሩ በሙሉ «ይማርዎ» የሚልበት ዘመን ነው። ያው ተማሪ አምስት ስድስት ዓመት ሳይቆይ «ያንኪ ጎ ሆም» እያለ አደባባይ ወጣ። ስለዚህ የአያትህ እንባ ከላይ የታዘዘ ይመስለኛል። ይቅርታ፣ አያትህን ለመንካት አይደለም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ አባትህን አትሳቅባቸው። የእሳቸው እናት ማልቀሳቸውን አላየሁም። የእኔ እናት ግን አልቅሳለች፤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

በ1956 ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካኖች የመጡት አንድ ዓመት ቀድመው፣ በ1955 መግቢያ ነው። በአንድ ጊዜ ከ270 በላይ አስተማሪ ገባ። በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። የበላያቸው የነበረው ሃሪስ ዎፎርድ ራሱ ኋይት ሃውስ ውስጥ ከኬኔዲ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው የሒሳብ መምህራችንን ነው። ረጅም፣ አፍንጫው ሁልጊዜ በፀሐይ የተላጠ፣ ገና ፂሙ በወጉ ያልወጣለት ልጅ ነበር። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፤ መጽሐፍ ያውሱኛል። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የኬኔዲ ፎቶ ነበር። በእኛ ቤት ጊዮርጊስ በሚሰቀልበት ቦታ።

ያን ቅዳሜ ባልዲዬን ይዤ ስገባ ሦስቱም ሬዲዮኗን ከበው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አጭር ሞገድ ናት፤ ድምፅዋ ይሄዳል ይመጣል። አንዱ የሌሊት ልብሱን አልቀየረም። ማንም አያለቅስም። ወደ ማድቤት ሄጄ ወጥ ሠሪያቸውን ምን ሆነው ነው አልኳት።

«ንጉሣቸው ተገደለ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አያለቅሱም?»

«አያውቁበትም» አለች።

እሷ ግን ታውቅበታለች። እኔን ልካ ከጎረቤት ሁለት አግዳሚ አስመጣች። ብረት ድስቱን ጣደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ ቆመች። ሌላ ምንም አላለችም፤ አያስፈልግም። ነጠላ ተዘቅዝቆ ያየ ሰው ሁሉ ገባ። ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ግጥም አለ። ሦስቱ ልጆች ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ አልገባቸውም ነበር። የሒሳብ መምህራችን ወጥቶ የእያንዳንዱን ሰው እጅ መጨበጥ ጀመረ። ወጥ ሠሪዋ ክንዱን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። «አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ የሞተብህ አንተ ነህ» አለችው። በአማርኛ። ገባው መሰለኝ፤ ተቀመጠ።

እናቴ ከበሩ ጀምራ ነው ያወረደችው። ኬኔዲን አታውቀውም። ስሙንም «ቀነዲ» ነው ያለችው። ያለቀሰችው እናቱ አጠገቡ ሳትኖር በሰው አገር መርዶ ለደረሰበት ልጅ ነው። እሷ ስታለቅስ ልጁም ለቀቀው። ሬዲዮኗ ማውራቷን ቀጥላለች፤ የሚሰማት ግን የለም።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ጥግ ይዘው ነበር። «አሁን ማን ነገሠ?» ብለው በእኔ አስጠየቁ። ምክትሉ ጆንሰን ዳላስ ቆሞ የነበረው አውሮፕላን ውስጥ ወዲያው መሐላ ፈጽሟል አለ። ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሬሳው ሳይቀበር?» አሉ። በእነሱ ግምት ንጉሥ ሲሞት ሹም ይሻራል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ባለሟሉ ይበተናል። አንደኛው አዘነላቸውና «እናንተስ መባረራችሁ ነው?» አለ። መምህራችን አፍንጫውን ጠርጎ «የለም፣ ሰኞ አስተምራለሁ» አለ። ይህችን ራሱ በአማርኛ ነው የተናገራት።

ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ብቻ፣ ገዳይ ተብሎ የተያዘው ኦስዋልድም መገደሉ ተሰማ። ያውም ፖሊስ ጣቢያ ምድር ቤት ውስጥ፣ በካቴና እንደታሰረ፣ ጃክ ሩቢ በሚባል ሰው። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «ሩቢ ለኬኔዲ ምኑ ነው? ወንድሙ ነው?» አለ። «ምኑም አይደለም» አለ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያለነው ጎጃም ነው። ምንም ሳይዛመደው ደም የሚመልስ ሰው አለ ብሎ ማን ያምናል? ልጁ አልተወውም፤ «የአጎቱ ልጅ ይሆናል፣ በደንብ ይጣራ» አለ። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

አሁን ወደ ቡና ያለ ስኳር ልምጣ። ስለ 1953 ያልከው እውነት ነው። «ያንኪ ጎ ሆም» ያልከውም እውነት ነው። እኔ ራሴ በ1961 ስድስት ኪሎ ሆኜ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኬዋለሁ። የጮህኩት እሱ ያስተማረኝን እንግሊዝኛ ይዤ ነው። አንዳንዴ ሌሊት ትዝ ሲለኝ አልጋዬ ላይ እገላበጣለሁ። ቢሆንም የጮህኩበት ነገር ስህተት ነበር አልልም። ግን አንተ የምታወራው ስለ ቤተ መንግሥት ሐዘን ነው። ማርቆስ ያን ጠዋት ማንም አላዘዘንም። ጃንሆይ አሜሪካ መሄዳቸውን እንኳ የሰማነው ቆይተን ነው። ያዘዘችን ወጥ ሠሪዋ ናት።

ታክሲ ነጂው ከዲሲ

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ነው ያነበብኩት።

እኔ ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ሮድ አይላንድ ጎዳና ላይ የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል አለ። የፍትሐቱ ጸሎት የተደረገው እዚያ ነው፣ ኖቬምበር 25፣ ሰኞ ቀን። አንድ ቀን ሰው ስጠብቅ ገባሁ። መቅደሱ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ክብ እብነ በረድ ተነጥፏል። የኬኔዲ አስከሬን እዚህ ዐርፎ ነበር የሚል ጽሑፍ አለበት። ሳላውቅ ረግጬው ኖሮ ደንግጬ ዘለልኩ።

ከኋይት ሃውስ እስከዚያ ድረስ በእግር ነው የሄዱት። ባለቤቱ ዣክሊን ከፊት፣ መሪዎቹ ከኋላ። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዴ ጎል ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ፣ ከእሱ ጎን ጃንሆይ በሙሉ የጦር ልብስ፣ ኒሻናቸውን ደርድረው። 71 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ጊዜ አሜሪካኖች ተሳፋሪዎች ያንን ፎቶ ጠቅሰው «ያ ትንሹ ሰውዬ የእናንተ ነው አይደል?» ይሉኛል። ትንሽ አይደለም እላቸዋለሁ፤ የቆመው ዴ ጎል አጠገብ ነው።

ሌላው የማይነገረው ነገር፣ ጃንሆይና ኬኔዲ ከተገናኙ ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 20፣ ጃንሆይ በባቡር ዩኒየን ስቴሽን ሲደርሱ ባልና ሚስቱ ወርደው ተቀበሏቸው። ዣክሊን በነሐሴ ሕፃን ልጇን ፓትሪክን ቀብራለች። ከዚያ ሐዘን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ አደባባይ የወጣችው ጃንሆይን ለመቀበል ነው። የነብር ቆዳ ካፖርት አመጡላት፤ እሷም ወዲያው ለበሰችው። ሐምሳ አምስት ቀን ቆጥረው ደግሞ ባሏን ለመቅበር መጡ። ከቀብር በኋላ ዣክሊን ለብቻቸው ካነጋገረቻቸው ጥቂት እንግዶች አንዱ እሳቸው ናቸው። ቡና ያለ ስኳር እንዳለው የፖለቲካ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን ለቅሶ ደረሱ ነው የምለው።

ቡና ያለ ስኳር

መምህር፣ ስለ ወጥ ሠሪዋ ያሉት ረታኝ። ስለ ጃንሆይ ያልኩትን ግን አላነሣም።

የሰፈሬ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ሁሉንም ለአባዬ አነበብኩለት። ቀን ቆጣሪ «አባትህ ቀኑን አልሳቱም» ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ቴሌቪዥኑን ተወው፤ «ሲኒማ ኢትዮጵያ ይሆናል» ብሎ አለፈው። የሰዓቱ ነገር ግን አልዋጥ አለው። ዝም ብሎ ቆየና «ቅዳሜ ጠዋት? ታዲያ አመዱስ ያጨስ የለም እንዴ!» አለ። አልተከራከርኩም።

ስለ እናቱ ጠየቅኩት። ለካ አያቴ አንድ ፈረንጅ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ይህን በሠላሳ አምስት ዓመቴ ዛሬ መስማቴ ነው። ፈረንጇ ነርስ ትሁን አስተማሪ አያስታውስም። አሜሪካዊት መሆኗን ግን ያውቃል። አያቴ ያን ቅዳሜ ሥራ ሄዳ በጊዜ ተመለሰች አለ፤ «ዛሬ ልብስ አይታጠብም፣ ቤቱ ለቅሶ ነው» ብላ።

መምህር፣ አባዬ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል። ንፍሮው የምን ነበር?

ጡረተኛው መምህር

የስንዴና የሽምብራ። ሽምብራው በደንብ አልበሰለም ነበር፤ ተጣድፋ ነው የጣደችው። ልጆቹ ግን ጨርሰውታል።