ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ሰው ራሱን ምን ብሎ ይጥራ?

መርፌና ክር፣ ከአዳማ

እንደምን ዋላችሁ። ጥያቄዬ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ሥራ አስፈትቶኛል።

58 ዓመቴ ነው። ፍራንኮ አካባቢ በአንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ልጄ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ውላቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የተመለሱ ባልና ሚስት ሁለት ጊኒ ፒጎች፣ አይጥ የሚመስሉ ትናንሽ ለማዳ እንስሳት፣ ሰጥተዋት ሄዱ። እርሷ ደግሞ አዲስ አበባ ሥራ ስታገኝ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች። እኔ የምሰጠው ሰው ስላጣሁ እዚሁ ቀሩ፤ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የፈረንጅ ስማቸው ለምላሴ አልመች ቢለኝ በመልካቸው ጠራኋቸው፦ ፈዘዝ ያለችው ቡላ፣ ቀላ ያለችው ዳማ። አንድ የሰፈር ተማሪ ፒግ ማለት አሳማ መሆኑን ለባለቤቴ ነግሯት ለሦስት ቀን በማድ ቤት ደጃፍ እንዳያልፉ ተከልክለው ነበር። አሳማም አይደሉም፣ ከጊኒም አልመጡም ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ማክሰኞ ዳማ መብል ትታ ጥግ ላይ ኩርምት አለች። በካርቶን አድርጌ፣ ባለቤቴን አስከትዬ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሕክምና ወሰድኳት። ካርድ የሚጽፈው ወጣት «ባለቤቷ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «የእኔ ባለቤት እርሱ ነው፤ የአይጧን አላውቅም» አለች። ሁለት በግ ይዘው የተቀመጡ ገበሬ ሳይቀሩ ሳቁ። ወጣቱ ደንገጥ ብሎ «እንግዲያውስ አባቷ ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። እሱንም እሺ ማለት አቃተኝ። መስመሩን ባዶ ትቶ አሳለፈን። ሐኪሟ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው ብላ በአፏ የሚሰጥ ጠብታ አዘዘችላትና ተመለስን፤ ካርዱ ግን እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ ባዶ መስመሩን ይዞ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ስፌት ላይ ተቀምጬ ቃል እመርጣለሁ።

ባለቤት የሚለው በእኛ ቤት ሥራ ይዟል፤ ባለቤቴ ስል ሰው የሚገባው ሚስቴን ነው። ጌታ እንዳልል፣ ጌታ የሚባለው የሚታዘዙለት ነው። እነዚህ የፌስታል ኮሽታ በሰሙ ቁጥር ሰላጣ የመጣ እየመሰላቸው በፉጨት ቤቱን ያደበላልቁታል። የልብስ ሰፊ ደንበኛ ደግሞ ጨርቁን ይዞ የሚመጣው በፌስታል ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እየተነሣሁ አንድ ቅጠል ካልወረወርኩ ልኬት የምጽፍበት ጸጥታ አላገኝም። ታዲያ ጌታው ማን ነው?

እነዚያ ባልና ሚስት ትተውት በሄዱት ወረቀት ላይ ራሳቸውን «ማሚ» እና «ዳዲ» ብለው ጽፈዋል። ልጄ እንደነገረችኝ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አሳዳጊዎች እናትና አባት ማለቱን ለምደውታል፤ አንዳንዶቹም ለቀልድ የጊኒ ፒጌ ባሪያ ነኝ ይላሉ። ይህን የመጨረሻውን በአማርኛ መቀለጃ ላደርገው አልወድም፤ በአገራችን ስንቱን ሰው ያቃጠለ ቃል ነው። አባት የሚለውም ቢሆን ያሳፍረኛል። ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ዳማ እንዴት ሆነች?» ስትለኝ አባትነቴን ለሁለት የከፈልኩባት ይመስለኛል።

አሳዳጊ ልል ወስኜ ነበር። ነገር ግን ትናንት ቡላ የአንድ ሙሽራ ከረባት ጫፉን ቀርጥፋ ስትበላ ባለቤቴ «አሳዳጊ የበደላት!» ብላ ጮኸች፤ ጮኻም ዞር ብላ አሳዳጊውን አየችው።

በሚመጣው ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። መስመሩ ላይ ምን ልጻፍ?

የከብት ሐኪም፣ ከሞጆ

ጋሼ፣ ካርዱ ላይ ያ መስመር የተቀመጠው ሂሳቡን የሚከፍለውና ሕክምናውን የሚፈቅደው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው። ስምዎን ይጻፉና ይለፉ። ቃል ካስፈለገዎት አሳዳሪ ይበሉ፤ የቤተሰብ ሕጋችንም ለራሱ መቆም የማይችለውን ልጅ የሚይዘውን ሰው በዚህ ስም ነው የሚጠራው።

እኔን ያሳሰበኝ የዳማ ነገር ነው። ጊኒ ፒግ እንደ እኛ እንደ ሰዎች ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት አትችልም፤ ውሻና ድመት ይሠሩታል፣ እርሷ ግን ከምግብ ካላገኘችው መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ድዷ ይደማል። በየቀኑ ቁራጭ የፈረንጅ ቃሪያ ይስጧት። ሰላጣ ብቻውን አይበቃትም። ድርቆሽ ከፊታቸው ፈጽሞ እንዳይጠፋ፤ ጥርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሚያድግ የሚሞረደው በማኘክ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አለ ብለው እንዳይሰጧቸው! የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት የሆዳቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጨርሶ ይገድላቸዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የአዳማን ሙቀት ያውቁታል፤ እነርሱ አያልባቸውም። ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘው በጨርቅ ጠቅልለው አጠገባቸው ያኑሩላቸው፣ ተደግፈውት ይተኛሉ።

ሁለቱም ሴት ለመሆናቸው ሐኪሟ አረጋግጣለች? እርግዝናቸው ከሁለት ወር ትንሽ ይበልጣል፤ ግልገሎቹ ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ተወልደው በዚያው ቀን ይሮጣሉ። ሳያስቡት አያት የሚለውን ስም እንዳይወስዱ ብዬ ነው።

ያለ ስም

ሰው ለልጁ ቃሪያ መግዣ አጥቶ እናንተ ለአይጥ መጠሪያ ትፈልጋላችሁ።

መርፌና ክር፣ ከአዳማ

እውነትዎን ነው፣ ቃሪያ ተወዷል። ግማሹን እነርሱ፣ ግማሹን እኔ ነኝ የምበላው። ዶክተር፣ ሴቶች ናቸው፤ ሐኪሟ ገልብጣ አይታቸዋለች። ስለ አሞክሲሲሊኑ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከባለቤቴ የጥርስ ሕመም የተረፈ ነበረና አስቤው ነበር።

ከቦኩ

ኦቦ መርፌና ክር፣ ጭንቀትዎ የአማርኛ ጭንቀት ነው። በኦሮምኛ አባ ማለት አባትም ነው፣ የነገሩ ባለቤትም ነው። የመሬት ባለቤት አባ ለፋ ይባላል፣ የሀብት ባለቤት አባ ቀቤኛ። ባል አባ መና ነው፣ የቤት አባት እንደ ማለት፤ ሚስትም ሃዳ መና፣ የቤት እናት ናት። ስለዚህ ያ ወጣት «ባለቤቷ» ብሎ ጀምሮ «አባቷ» ሲልዎት በእኛ ቋንቋ ቢሆን አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መናገሩ ነበር።

ደግሞስ ከእጅ ወደ እጅ የመጡልዎት ልጆች ናቸው። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛ ከኦሮምኛ ወስዶ ሕግ ውስጥ አስገብቶታል፤ በጉዲፈቻ የመጣ ደግሞ እንደ ተወለደ ነው፣ በአሳዳጊው ስም ነው የሚጠራው።

እህታችሁ፣ ከሐዋሳ

ወንዶቹ ስለ አባትነት ሲከራከሩ ቀላል ነው።

እኔ 11 ዓመት በትዳር ኖሬ ልጅ አላገኘሁም። ያለችኝ ድመት ናት፣ ሚሚ። አሞራ ገደል ዓሣ ስገዛ ጭንቅላቱን ለእርሷ እንደምወስድ ሻጮቹ ያውቃሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ ልጅ «የሚሚ እናት፣ ጭንቅላቱን ቋጥሬልሻለሁ» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። እኔ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ነው ቤቴ የደረስኩት። በሰፈሬ ያሉ ሴቶች ሁሉ የእገሌ እናት፣ የእገሊት እናት እየተባሉ ሲጠሩ ለእኔ የተረፈው የድመት እናትነት ነው ብዬ። ሦስት ሳምንት ዓሣ ከሌላ ቦታ ገዛሁ። ዓሣው የሰነበተ፣ ዋጋውም የተጋነነ ነበር፤ ሚሚም አሽታ ትተወው ነበር። ተመለስኩ።

አሁን ልጅቷ እንደዚያ ብላ ስትጠራኝ አቤት እላለሁ። ራሴን ግን እንደዚያ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ሰው ሲለኝና እኔ ስለው ለምን እንደሚለያይብኝ ላስረዳዎት አልችልም፤ እርስዎም ወጣቱ አባቷ ሲልዎት እሺ ያላሉት በዚሁ ይመስለኛል።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ወንድሜ መርፌና ክር፣ ራስዎ ያወጡትን ስም ደግመው ያንብቡት። ቡላ። ዳማ። ሁለቱም የፈረስ መልክ መጠሪያ ናቸው። መልሱን በእጅዎ ይዘው ሲፈልጉ ሰነበቱ!

ከባለፈረስ አያቶቻችን ማን ነበር የፈረሴ ባለቤት ነኝ፣ የፈረሴ አሳዳጊ ነኝ ያለው? ፈረሱ ስም ይወጣለታል፤ ሰውየው በፈረሱ ስም ይጠራል። አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። አጤ ኃይለ ሥላሴን እንኳ ሕዝቡ ጃንሆይ ማለት ሲሰለቸው አባ ጠቅል ይላቸው ነበር። የጅማው አባ ጅፋርም ስማቸው የፈረስ ስም ነው። ከቦኩ የጻፉት ሰው አባ የሚለውን የተረጎሙበት መንገድ እዚህ ላይ ልክ ይገጥማል፤ የታጠቅ አባትም ባለቤትም ማለት ነውና። ደግሞ በክብር የሚሰጥ ስም ነበር። ፈከረበት፣ ዘፈነበት፣ ሲሞትም ተለቀሰበት። በዚህ አገር ሰው በእንስሳው ስም መጠራቱ አሳፍሮት አያውቅም።

ስለዚህ እርስዎ አባ ዳማ ነዎት። ጊኒ ፒግ ፈረስ አይደለችም የሚል ከመጣ፣ እርስዎም ደጃዝማች አይደሉም፤ ተመጣጥናችኋል።

በነገራችን ላይ እነዚህ እንስሳት ለማዳ የሆኑት በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ነው፤ ይህም ከሺህ ዓመታት በፊት። እዚያ ኩይ ይሏቸዋል፣ የሚያሳድጓቸውም ጠብሰው ለመብላት ነው። በፔሩ፣ ኩስኮ ከተማ ካቴድራል ውስጥ ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር እራት ሲቀመጥ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ከሳህኑ ላይ የተጋደመችው ጊኒ ፒግ ናት እየተባለ ይታያል። ጥያቄዎን ለአንድ የአንዲስ ገበሬ ቢያቀርቡለት ባለቤት፣ አባት፣ አሳዳሪ እያለ ባልተጨነቀ ነበር። በላተኛ ነኝ ይልዎታል።

እህታችሁ፣ ከሐዋሳ

መምህር፣ የፈረስ ስም ለሴት የለም?

ጡረተኛ የታሪክ መምህር

እህቴ፣ የማውቃቸው ሁሉ የወንድ ናቸው። ወይዛዝርቱ በበቅሎ ይሄዱ ነበር፤ በበቅሎ ስም የተጠራች ግን አላጋጠመችኝም። ሴቶቹን የሚዘነጋ ልማድ ለመሆኑ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

መርፌና ክር፣ ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ሻጯን ልጅ አትቀየማት በላት» አለችኝ፤ መልእክቷን ይኸው አድርሻለሁ።

ትናንት ለቀጠሮው ሄድኩ። ዳማ እየበላች ነው፤ ሚዛን ላይ 780 ግራም መጣች፣ ባለፈው ከነበራት 60 ግራም ጨምራለች። ከመሄዴ በፊት ካርዱን አውጥቼ በጥሩ ጽሕፈት «ባለቤት፦ አባ ዳማ» ብዬ መስመሩን ሞልቼው ነበር። የዚያን ዕለቱ ወጣት የለም፣ ሌላ ልጅ ተተክቷል። ካርዱን ተቀበለ፣ አነበበ፣ ቀና ብሎ ሽበቴን አየ። ከዚያም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ «አባ፣ ይባርኩኝ» አለኝ።

መነኩሴ አይደለሁም፣ ይህ የፈረስ ስም ነው፣ ፈረሱም ፈረስ አይደለም ብዬ የማስረዳበት ጉልበት ከየት ላምጣ? ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ልኬት የምወስድበት ሜትር አሁንም አንገቴ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው፤ እርሱ ምን እንደመሰለው አላውቅም። «እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ» አልኩትና ካርቶኔን አቅፌ ገባሁ። ስወጣ የካርድ ክፍያ አልቀበልም ብሎኝ በግድ ነው ያስያዝኩት።

ቡላ ገና ካርድ አላወጣችም።