አበበ ቢቂላ «ጫማ የለኝም» ብሎ ነበር?

የጀሞው ልጅ፦ ቅዳሜ ዕለት አንድ የአነቃቂ ንግግር ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። አሠልጣኙ መድረክ ላይ ቆሞ ያለው ይኸው ነው፦ «ዲግሪ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁት ሰበብ ስለምትደረድሩ ነው። አበበ ቢቂላ ጫማ የለኝም ብሎ አልተቀመጠም። ደመወዝ እስር ቤት ነው። ልቀቁና የምትወዱትን ሥሩ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከጎኔ የነበረችው ልጅ ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የመግቢያውን 1,200 ብር የሰጠቻት እናቷ ናት። እንጀራ እየጋገረች ነው የምታኖራቸው። ልጅቷ ደብተሯ ላይ «ሰበብ» ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቪ ይዛ የዞረች ልጅ ሰበበኛ ናት?

ባለ ቡናዋ፦ ወንድሜ፣ እኔን ከቤት ያወጣኝ እንዲህ ያለ ሥልጠና ነው። በ2010 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ሰልችቶኝ ተኝቼ ነበር የምውለው። ከሥልጠናው በወጣሁ በሳምንቱ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በግማሽ ኪሎ አሽጌ በየመሥሪያ ቤቱ መዞር ጀመርኩ። ዛሬ ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። አንተ ለልጅቷ ስላዘንክላት ምን አገኘች? ቢያንስ እሱ ተነሺ ብሏታል።

የጀሞው ልጅ፦ ተነሺ ቢላት ባልተናደድኩ። ያላት ሰበበኛ ነሽ ነው።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ «የምትወዱትን ሥሩ» የምትለዋ ናት እኔን የምታበሽቀኝ። እኔ ፎርም ስሞላ አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ ፋርማሲ ብዬ ነበር። የደረሰኝ ሲቪል ምህንድስና ነው። 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ በነበረበት በ«70 ለ 30» ጊዜ ስንቶቻችን ነን በምደባ የገባነው? አምስት ዓመት ተማርኩ፣ የወጪ መጋራት ፈረምኩ፣ ወጣሁ። ማስታወቂያው ሁሉ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ዜሮ ዓመት የሚል ሲወጣ ለሁለት ቦታ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ አስፋልት ይደርሳል። እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ የምወደውን ልፈልግ?

ባለ ቡናዋ፦ እኔም እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ እህቴ። ልዩነቱ ሰልፉን ትቼ መሄዴ ነው።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ እሺ፣ ልጠይቅሽና በቅንነት መልሽልኝ። መጀመሪያ የቆላሽውን ቡና በማን ብር ገዛሽ? ስድስት ወር ሳይሸጥልሽ የቤት ኪራዩን ማን ከፈለ?

ባለ ቡናዋ፦ ባለቤቴ ሥራ ነበረው። ብሩ የእቁብ ነው። ይህ ታዲያ የእኔን ልፋት ያሳንሰዋል? ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ የቆላሁት እኔ ነኝ።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ ልፋትሽን ማን ነካ? ግን «ደመወዝ እስር ቤት ነው» የተባለው ደመወዝ ነው ቡናሽን የገዛው። የባልሽ ደመወዝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ እኔ ስለ አበበ በተባለው ነገር ዝም ማለት አልቻልኩም። የሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ድሉ ሲሰማ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አበበ እኮ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደመወዝ ነበረው፣ ይበላ ነበር፣ የሚያድርበት ነበረው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሰዓት ይዞ ያሠለጥነው ነበር። ጫማም ሳይጠፋ ነው። ሮም ላይ የሞከረው ስላልተመቸው፣ በባዶ እግር መሮጥም ልምምዱ ስለነበር፣ በባዶ እግሩ ሮጠ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ በ2፡12፡11 ገባ። ያውም ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። ደመወዝ፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪም። ይህን ሁሉ ደብቆ ባዶ እግሩን ብቻ ለልጆች ማሳየት ነውር ነው።

የጀሞው ልጅ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። ይህን ቅዳሜ ዕለት ባውቀው ኖሮ እጄን አወጣ ነበር።

የቦሌው፦ መምህር፣ ከአክብሮት ጋር፣ ነጥቡ ጫማው አይደለም። ክብር ዘበኛ ውስጥ ደመወዝ የነበረው ወታደር ስንት ነበር? ሮምን ያሸነፈው ግን አንድ ነው። ያንን አንዱን የለየው ልቡ ነው። አሠልጣኙ ሊል የፈለገው ይህን ነው።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ አንድ ሰው ብቻ ያሸነፈበትን ውድድር ነው እንግዲህ ለአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ምክር ያደረጋችሁት። የቀሩት ወታደሮች እኮ ሰነፎች አልነበሩም። ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦ የቦሌው ልጄ፣ ምሳሌ ከሆነ እውነት ላይ ይቁም። የአበበን ልብ ከማንም በላይ አከብራለሁ። ልቡን ያየለትና ያሠለጠነው ሰው ግን ነበር። ያቺን ልጅስ ማን አያት?

የቦሌው፦ እኔም አሠልጣኝ ነኝ፣ ልደብቀው አልፈልግም። ሰው እንባ እያነባ «ሕይወቴን ቀየርክልኝ» ይለኛል። ይህን ሁሉ ውሸት ልትሉት ነው?

የጀሞው ልጅ፦ ውሸት አላልኩም። ሕይወቱ ሳይቀየር የቀረውስ ተመልሶ መጥቶ ይነግርሃል? እሱ ቤቱ ተቀምጦ ጥፋቱ የኔ ነው እያለ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ሥራውን ለቆ አሁን ወንድሙ ጋ ተጠግቶ የሚኖር ጓደኛ አለኝ። አሁንም ይናገራል፦ «በደንብ አላመንኩም ነበር» እያለ። ራሱን ነው የሚወቅሰው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ!

የቨርጂኒያው፦ እዚህ አሜሪካም ያው ነው። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2005 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ የምትወዱትን ፈልጉ፣ እስክታገኙት አትረፉ ያለውን በየቀኑ ይልኩልኛል። የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር የሠራው አጋሩ ቮዝኒያክ ግን ያን ጊዜ ሂውሌት ፓካርድ የሚባል ኩባንያ ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። ቀን ለደመወዙ ይሠራል፣ ማታ የራሱን ይነካካል። እኔም ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው ነርሲንግ የጨረስኩት። ስለዚህ ልቀቁ የሚለው ስህተት ነው። ግን አገር ቤት ያለው ወጣትም ትንሽ ሰበብ ያበዛል፣ ይህን መካድ አይቻልም።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ ይኸው፣ አንተም ሰበብ አልክ። እዚህ ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቶ ትምህርት የሚከፍል ሰው አሳየኝ። የምሽት ሥራ ቢገኝ የማንሠራ ይመስልሃል?

የቨርጂኒያው፦ እዚህ ብር ከዛፍ የሚረግፍ አይምሰልሽ። ስድስት ዓመት በሳምንት ስድስት ቀን ሠርቻለሁ። አባቴ ሲሞት መሄድ አልቻልኩም።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ አባትህን ነፍስ ይማር። ይህን አላወቅኩም ነበር። ግን አንተ የደከምከው የሚከፍል ሥራ አግኝተህ ነው። እኔ የምለው እሱን ብቻ ነው።

ባለ ቡናዋ፦ ሥራ ፈጣሪ ሁኑ ሲባል ለምን እንደ ስድብ ትወስዱታላችሁ? ብድር አለ፣ መደራጀት አለ።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ ተደራጅቼ አይቻለሁ። ጥቃቅንና አነስተኛ ሄደን አምስት ሆነን ተመዘገብን። የብድሩን 20 በመቶ ቀድማችሁ ቆጥቡ ተባልን። ቆጠብን። ከዚያ የመሥሪያ ቦታ ጠብቁ ተባልን። አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠበቅን። ሁለቱ ዓረብ አገር ሄዱ፣ አንዷ አገባች፣ ቡድኑ ፈረሰ። ከአምስታችን የቱ ነው ሰበበኛው?

የቦሌው፦ ይህ የመንግሥት ችግር ነው፣ የአነቃቂ ጥፋት አይደለም።

የጀሞው ልጅ፦ ታዲያ መድረክ ላይ እንደዚያ በሉ! «ብድሩ ይዘገያል፣ ኪራይ አለባችሁ፣ የሚያበላችሁ ሳይኖር ሥራ አትልቀቁ» በሉ። አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

የቦሌው፦ እንዲህ ብዬ ብናገር ማን ይነሳል? ተስፋ ይዞ የመጣን ሰው ተስፋ አስቆርጬ ልላከው?

ጡረተኛው መምህር፦ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። እውነቱን ነግሬው ተስፋ የቆረጠ ተማሪ ብዙ አላየሁም። አታልለውኛል ብሎ የጠላኝ ግን ነበረ፣ አንድ ጊዜ ያለ አቅሙ አይዞህ ብዬው። እስከ ዛሬ ፊቱ ትዝ ይለኛል።

የቦሌው፦ መምህር፣ እኔ ማንንም አላታለልኩም።

ጡረተኛው መምህር፦ አንተን አላልኩም ልጄ። ስለ ራሴ ነው የነገርኩህ።

ባለ ቡናዋ፦ የጀሞው፣ ያቺን ልጅ ስልኳን ይዘሃል? ማሸግና ሒሳብ መያዝ የምትችል ከሆነ እኔ ጋ ትምጣ። እንጀራ የምትጋግር እናት ያሳደገቻት ልጅ ሥራ አትፈራም።

የጀሞው ልጅ፦ ስልኳን ይዣለሁ። ማኔጅመንት ነው የተመረቀችው። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ በወር ስንት ትከፍያታለሽ?

ባለ ቡናዋ፦ መጀመሪያ ትምጣና እንነጋገራለን። ሥራ ወዳድ መሆኗን ልይ።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ ሦስት ዓመት ሥራ የፈለገችን ልጅ ሥራ ወዳድነቷን በምን ልታይ ነው? ደመወዙን ተናገሪ እህቴ። እዚሁ፣ ሁላችንም ባለንበት።

ባለ ቡናዋ፦ እኔን ደግሞ ልትከሺኝ ነው? ሥራ ልስጥ ባልኩ?

የቦሌው፦ አያችሁ፣ በር ሲከፈትም የሚባለው ይኸው ነው።

ሳይት ኢንጂነሯ፦ ደመወዝ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነው ሰበብ የሆነው አሁን?