የስትራፎርድ ኧርል ማዕረግ እንዴት ለልጁ ሊደርስ ቻለ?

ጠያቂ፦
የእንግሊዝን የእርስ በርስ ጦርነት ዋዜማ ሳነብ አንድ ነገር አልፈታ አለኝ። የመጀመሪያው የስትራፎርድ ኧርል (ኧርል ከፍ ያለ የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ቶማስ ዌንትዎርዝ በግንቦት 1641 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአገር ክህደት አንገቱ ተቆርጦ፣ ማዕረጉም ተሽሯል። ሆኖም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ልጁ ዊልያም የስትራፎርድ ኧርል ተባለ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ደግሞስ በፓርላማ የንጉሡ ተቃዋሚ የነበረ ሰው ይህን ያህል ማዕረግ ከየት አገኘ?

መልስ 1፦
ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። ዌንትዎርዝ በ1627 ለንጉሡ የግዴታ ብድር አልከፍልም ብሎ የታሰረ ሰው ነበር። በ1628 ግን ቀዳማዊ ቻርልስ ወደ ራሱ ወገን ሳበው፤ በዚያው ዓመት በመጀመሪያ ባሮን፣ ቀጥሎም ቪስካውንት አደረገው (ሁለቱም ከኧርል በታች ያሉ ማዕረጎች ናቸው)። ከ1633 ጀምሮ አየርላንድን በብርቱ እጅ ካስተዳደረ በኋላ በጥር 1640 ኧርል ሆነ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አብሮ የተሰጠው የሬቢ ባሮንነት ነው። የሬቢ ግንብ ባለቤት የንጉሡ ሚኒስትር ሰር ሄንሪ ቬን ስለነበር፣ በገዛ ርስቱ ስም ሌላ ሰው ሲሾም እጅግ ተቆጣ። በችሎቱ ላይ ዌንትዎርዝ የአየርላንድን ጦር በእንግሊዝ ላይ እንዲያዘምት ንጉሡን መክሯል ብሎ የመሰከረው ይኸው ቬን ነበር።

መልስ 2፦
የአገር ክህደት ክስ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉት ነበር፤ በዚህ ዋና ክስ ላይ የቆመው ግን ቬን ብቻ ነበር። ስለዚህ የሕዝብ እንደራሴዎቹ ምክር ቤት የፍርዱን መንገድ ትቶ፣ ሰውየውን በስሙ ጠርቶ የሚኰንን አዋጅ በ204 ድምፅ በ59 ተቃውሞ አሳለፈ። ንጉሡም ሕይወትህን አላስነካም ብሎ ቃል የገባለትን ሰው አሳልፎ በመስጠት ፈረመ፤ በእኔ እምነት በዘመነ መንግሥቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

እንዲህ ያለው አዋጅ የተኰነነውን ሰው ብቻ ሳይሆን የዘሩንም የመውረስ መብት ይቆርጥ ስለነበር፣ ዊልያም ከአባቱ ምንም ሊወርስ አልቻለም። በታኅሣሥ 1641 ያገኘው ንጉሡ እንደ አዲስ የፈጠረለትን ማዕረግ ነው። የአባቱ ማዕረግ የተመለሰለት ፓርላማው አዋጁን በ1662 ከሻረው በኋላ ነው።

መልስ 3፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዊልያም በ1695 ያለ ልጅ ሲሞት የኧርልነቱ ማዕረግ ጠፋ። የሬቢ ባሮንነት ግን ለቶማስ ሲሰጥ ለወንድሞቹም እንዲተላለፍ ተደርጎ ስለነበር፣ የዊልያም አጎት የልጅ ልጅ ወረሰው፤ ይህም ሰው በ1711 በአዲስ ሹመት የስትራፎርድ ኧርል ተባለ።