የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ፣ ወረርሽኙም አልቀረ፤ የዳባት መረጃ ይረዳን ይሆን?

ዕቅድና ክትትል፣ ጎንደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለወረዳ ዕቅድ የምንጠቀምበት የሕዝብ ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነስቶ የተተነበየ ነው። በዚህ ሲሰላ የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ ያልፋል፤ ወረርሽኙ ግን ይመላለሳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ወረዳ ላይ የሚሰበስበውን የረጅም ዓመት መረጃ ለዕቅድ ማዋል ይቻላል?

ቁጥር አጣሪ፦
ይቻላል፤ የምትወስዱት ግን ምጣኔውን (ከሺህ ሰው ስንት ተወለደ፣ ስንት ሞተ የሚለውን) ነው እንጂ ድምር ቁጥሩን አይደለም። እዚያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደት፣ ሞት፣ ገቢና ወጪ ነዋሪ ቤት ለቤት ስለሚመዘገብ፣ ማን ምን ያህል ጊዜ እንደኖረ ይታወቃል። ግማሽ ዓመት ኖራ የሄደች ሴት በስሌቱ የምትያዘው 0.5 ሰው-ዓመት ሆና ነው። የእናንተ ችግር ያለው አካፋዩ (መከተብ አለባቸው ተብሎ የተገመተው የልጆች ቁጥር) ላይ ነው፤ ከጎረቤት ወረዳ መጥቶ የተከተበ ልጅም ተካፋዩን (የተከተቡትን ቁጥር) ያሳብጠዋል።

የዳባት ምጣኔ ደግሞ በአብዛኛው የገጠር ስለሆነ ለጎንደር ከተማ እንዳለ አይሠራም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀበሌ መርጣችሁ ከ9 እስከ 23 ወር ያሉትን ልጆች በሙሉ ቤት ለቤት መዝግቡ። ካርድ የታየበትንና በእናት ቃል ብቻ የተያዘውን በተለያየ አምድ አስገቡ። ሁለተኛው ዶዝ በ15ኛው ወር ስለሚሰጥ፣ ለእሱ ስሌት አካፋዩ 15 ወር የሞላቸው ብቻ ይሁኑ። ከዚያ ከሪፖርታችሁ ጋር አስተያዩት።

ደጋ ዳመና፦
በትንሽ ቁጥር እንዳትሳሳቱ። በአንድ ቀበሌ አምና 6፣ ዘንድሮ 9 ሕፃናት ቢሞቱ «በ50 በመቶ ጨመረ» ተብሎ በጀት አይዛወርም። የ6 ሞት 95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልል (በአጋጣሚ ብቻ ሊፈጠር የሚችለው ከፍና ዝቅ ታስቦ የሚሰላው ወሰን) ከ2 እስከ 13 ስለሚደርስ፣ 9 እዚያው ውስጥ ይወድቃል። የ5 ዓመቱን አንድ ላይ ደምሩ።

ሲስተር ከመስክ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ያልተመዘገበው ሕፃን ነው። በሁለት ዙር ምዝገባ መካከል ተወልዶ ክርስትና ሳይነሳ የሞተውን ቤተሰቡ አያነሳውም፤ «ማን ሞተ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ማንም» ነው። መፍትሔው እርግዝናውን አስቀድሞ መመዝገብ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር «ያ እርግዝና ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ። የሞቱን መንስኤ ለማወቅ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ደግሞ ከአርባው በኋላ ይሁን፤ ለቅሶ ላይ ያለች እናት አትጠየቅም፤ ብዙ ከዘገየ ደግሞ የትኩሳቱና የሳሉ ቅደም ተከተል ይረሳል።

ቁጥር አጣሪ፦
እህቴ ትክክል ነሽ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርዱትንም አትርሱ። ከ6 ወር በታች ስለሚቆዩ በመዝገቡ ነዋሪ እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ ወባና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) የያዛቸው ግን ቆላ ነው። የጉዞ አምድ ከሌለ፣ የአጎበር ዕቅዱ ወባ ወደሌለበት ደጋ ይሄዳል።