«እዚህ ግባ የማይባል ግርዶሽ» ስንት በመቶ ነው?

ቃል ፈላጊ፦
ስለ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ የተዘጋጀ አጭር ማስታወቂያ እርማት ላይ ነው። «በዕለቱ ፀሐይ 40 በመቶ ትጨልማለች፤ ሁሉም ሰው በጥቁር መነጽር ወይም በቀዳዳ እንዲያይ ይመከራል» ይላል። ሦስት ነገር ግራ ያጋባል። «ከፊል» ሲባል ግማሽ ነው ወይስ ጥቂቱም ይገባበታል? «ትጨልማለች» ያስኬዳል? ደግሞስ ሰው ጉድ አያለሁ ብሎ ወጥቶ ምንም ሳይታየው ሲገባ፣ ግርዶሹ «ከሸፈ» ነው የሚባለው፣ «ፉርሽ ሆነ» ነው፣ ወይስ «እዚህ ግባ የማይባል ነበር»?

ሥርወ ቃል፦
«ከፊል» የ«ከፈለ» ልጅ ነው፤ ክፍል፣ ክፍያና ክፍልፋይ ወንድሞቹ ናቸው። መጠን አይናገርም። ከመቶ አንድ እጅም ዘጠና ዘጠኝ እጅም ቢሆን ከፊል ነው። «በከፊል ደመናማ» ሲባል ሰማዩ እኩል ለሁለት ተከፈለ ብሎ የሚረዳ የለም፤ ግርዶሽ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ሰው ግማሽ ብሎ ይወስደዋል።

«ግርዶሽ» ደግሞ ከ«ጋረደ» ነው፤ መጋረጃና ግርዶ የዚያው ቤተሰብ ናቸው። መጨረሻው ላይ ያለው «ኦሽ» ጥሎሽ፣ ድብብቆሽ፣ ቅልልቦሽ ላይ የምናገኘው ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ መከለል ነው፤ ጨለማ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ስለዚህ «ትጋረዳለች» ይበሉ። ብትጨልም የምትጨልመው እኛ የቆምንባት መሬት ናት፤ እሷም በ40 በመቶ አትጨልምም። ይህን ሌንስ ቢያብራሩልን ይሻላል።

ሌንስ፦
በመጀመሪያ «40 በመቶ» የምን 40 በመቶ ነው? የሥነ ፈለክ ሰዎች ሁለት ቁጥር ያወጣሉ። አንዱ ጨረቃ ከፀሐይ ወርድ (ከዲያሜትሯ) ምን ያህሉን እንደያዘች ይናገራል፤ ሌላው ከገጿ ስፋት ምን ያህሉ እንደተሸፈነ። ሁለቱ እኩል አይሄዱም። ጨረቃና ፀሐይ በዐይን ሲታዩ ተቀራራቢ መጠን አላቸው ብለን ብናሰላ፣ ከወርዷ ሩብ ሲያዝ ከገጿ የሚሸፈነው 14 በመቶ ብቻ ነው። ወርዷ ግማሽ ሲደርስ ገጿ 39 በመቶ፣ ወርዷ 80 በመቶ ሲሆን ገጿ 75 በመቶ ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ማስታወቂያ 40 ያለው ስፋቱን ከሆነ፣ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ነክታለች ማለት ነው። ወርዱን ከሆነ ግን ከገጿ የተሸፈነው 28 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «ፀሐይ 40 በመቶ» ብሎ ማቆም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። «ከገጿ 40 በመቶ» ወይም «ከወርዷ 40 በመቶ» መባል አለበት።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ መሬት የሚደርሰው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ነው (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው)። ከገጿ 40 በመቶ ቢጋረድ 60,000 ይቀራል። ያ አሁንም ጠራራ ፀሐይ ነው። ዐይናችን ብርሃንን የሚመዝነው በእጥፍ ነው፤ ግማሹ ቢቀንስ ትንሽ እንደቀነሰ ብቻ ይሰማዋል። በዚያ ላይ ቅነሳው የሚመጣው አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ወስዶ ቀስ እያለ ነው፤ ብሌንም እኩል እየሰፋች ትከተለዋለች። አንድ ቁራጭ ደመና በጥቂት ሰከንድ ከዚህ የበለጠ ብርሃን ይወስዳል፤ ለዚህ ነው ደመናውን አስተውለን ግርዶሹን የምንስተው። የስልክ ካሜራም ራሱ ብርሃን እያስተካከለ ልዩነቱን ያጠፋዋል። የብርሃን ማስተካከያውን በእጅ ቆልፈው በየ15 ደቂቃው የአንድ ግድግዳ ፎቶ ካላነሱ በስተቀር ፎቶው ላይ ምንም አይታይም።

90 በመቶ ሲሸፈን እንኳ 10,000 ሉክስ አለ፤ ይህ ደመና የሸፈነው ቀን ብርሃን ነው። 99 በመቶ ላይ 1,000 ይቀራል፤ መብራት ከበራበት ተራ ክፍል ይበልጣል። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ስለምትደምቅ አንድ እጇም ብዙ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ግን እኮ ሕዝቡ «ፀሐይ ጨለመች» ይላል። በአፍ የለመደን ቃል ስህተት ነው ማለት ይከብዳል።

ሥርወ ቃል፦
ሙሉ ግርዶሽን ያየ ሰው «ጨለመች» ቢል ልክ ነው፤ ቃሉም የተወለደው ከዚያ ይመስለኛል። ችግሩ ያንኑ ግስ ለ40 በመቶ ማውረሱ ነው። አማርኛ ለብርሃን መድከም ደረጃ በደረጃ ግስ ስላለው መበደር አያስፈልገንም። ሌንስ ከሰጡን ቁጥር ጋር ሳስተያየው፣ ከገጿ እስከ 60 በመቶ ድረስ ስለ ብርሃኑ ምንም ግስ ባይጻፍ ይሻላል። ወደ 80 ሲጠጋ «ፈዘዝ አለ»፣ 90 ላይ «ደብዘዝ አለ»፣ ከ95 በላይ «ጨለምለም አለ»። «ጨለመ» ለሙሉው ይቆይ። ድርድር ካስፈለገ በ«ፈዘዝ» እና በ«ደብዘዝ» መካከል ያለው ድንበር ላይ እደራደራለሁ፤ በ«ጨለመ» ላይ ግን አልደራደርም።

ሌንስ፦
እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ቀለበታዊ ግርዶሽም ከዚህ ደረጃ አያመልጥም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በኩል ያለፈው ቀለበታዊ ነበር፤ ጨረቃ መሐል ለመሐል ብትገባም ዙሪያዋን የፀሐይ ቀለበት ስለቀረ «ጨለምለም» እንጂ «ጨለመ» የሚባል አልነበረም።

ቃል ፈላጊ፦
«ጥቁር መነጽር» እና «በቀዳዳ ማየት» የሚሉትስ?

ሌንስ፦
ሁለቱም አደገኛ አነጋገር ናቸው፤ ከ«ትጨልማለች» ይልቅ እነሱ ይታረሙ። «ጥቁር መነጽር» ሲባል ሰው የሚያነሳው ተራውን የፀሐይ መነጽር ነው፤ ያ ደግሞ ምንም ያህል ቢጠቁር አይበቃም። ትክክለኛው «የግርዶሽ መነጽር» ነው፤ አይኤስኦ 12312-2 የሚል ጽሑፍ ያለበት (ፀሐይን በቀጥታ ለማያ መነጽር የወጣ ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው)። በዚህ መለኪያ መሠረት መነጽሩ የሚያሳልፈው የሚታይ ብርሃን ከ100,000 እጅ 3.2 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አድርገውት ዕቃ ከታየ ይጣል። የብየዳ መስታወት ከሆነ ቁጥር 14 ይመረጣል (ቁጥሩ የጥቁረቱ ደረጃ ነው)፤ በ12 ለብዙ ሰው ብርሃኑ ይበዛል፤ ከ12 በታች ያለው አይሆንም። በጭስ የጠቆረ ብርጭቆ፣ የራጅ ፊልምና ሲዲ አይሆኑም፤ የሚታየውን ብርሃን ቢቀንሱም የማይታየው ጨረር ሊያልፍ ይችላል። ሬቲና (ከዐይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሕመም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። ከፊል ግርዶሽ ላይ መነጽሩ የሚወልቅበት ቅጽበት የለም።

«በቀዳዳ ማየት» ደግሞ ዐይንን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ ማየት ይመስላል። ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን የሚያርፍበትን ወረቀት ማየት። «በቀዳዳ ምስል መጣል» ይበሉ። አንድ ካርቶን ላይ አራት ማዕዘን ክፍተት ይቆረጣል፣ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፈናል፣ ፎይሉ በመርፌ ይበሳል። ነጭ ወረቀት ከኋላው ይያዛል። የምስሉ ወርድ ማለት ርቀቱ ለ108 ሲካፈል ነው፤ በ1 ሜትር 9 ሚሊ ሜትር፣ በ2 ሜትር 18 ሚሊ ሜትር ተኩል። ለ1 ሜትር የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት። ምስሉ ደበዘዘብኝ ብሎ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከገጿ 40 በመቶ ሲጋረድ በ9 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ የተገመጠው ክፍል ጥልቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያ ግምጫ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል፣ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል። ከዚያ «ምንም አልተጋረደም» ይባላል። መፍትሔው ቀዳዳውን ማስፋት ሳይሆን ወረቀቱን ጥላ ውስጥ ማግባት ነው። ምስሉ ተገልብጦ እንደሚወድቅም ይጻፍ፤ በላይ ቀኝ የተገመጠው፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ለሚያይ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ በታች ቀኝ ነው የሚታየው።

ፊደል ቆጣሪ፦
«የተገመጠች» ደስ ይላል። ሁሉም ሰው ማጭድ ማጭድ ይላል እንጂ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ካላለፈች ማጭድ የት አለ?

ሥርወ ቃል፦
ልክ ነው፤ እስከ ግማሽ ወርድ «የተገመጠች»፣ ከዚያ በላይ «ማጭድ የመሰለች»።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «ከሸፈ» የሚባለው ሊሆን የታሰበው ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ጥይት ይከሽፋል፣ ሴራ ይከሽፋል። ግርዶሹ በተባለው ደቂቃ ጀምሮ በተባለው ደቂቃ አልቋል፤ ምኑ ከሸፈ? ደመና ከጋረደው ግን የመመልከቻ ዝግጅቱ ከሸፈ ማለት ይቻላል። «ፉርሽ» የጨዋታ ቃል ነው፤ ለማስታወቂያ አይመጥንም፤ ትርጉሙም ወደ መክሸፍ ያደላል።

«እዚህ ግባ የማይባል» የነገሩን ትንሽነት ይናገራል፤ ከገጿ 10 ወይም 15 በመቶ ሲጋረድ ያስኬዳል። «ግባ» ደርቆ የቀረ ስለሆነ ለሴት ጾታም «ግቢ» አይሆንም። አሉታው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገባው፤ «እዚህ ግባ የማይባል ለውጥ ታየ» ወይም «እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አልታየም»። ጋዜጠኞች ሁለቱን ደርበው «እዚህ ግባ የማይባል ለውጥ አልታየም» ሲሉ ሳያውቁት ትልቅ ለውጥ ታየ እያሉ ነው።

ለ40 በመቶ ግን እኔ የምመርጠው «ልብ አይሞላም» ነው። እሱ የሚመዝነው ነገሩን ሳይሆን የተመልካቹን ጥበቃ ነው። ከገጿ 85 በመቶ የተጋረደች ፀሐይ እዚህ ግባ የማትባል አይደለችም፤ ጨለማ ሲጠብቅ ለዋለ ሰው ግን ልብ አትሞላም።

ቃል ፈላጊ፦
እንዲህ ብናደርገውስ? «በዕለቱ ጨረቃ ከፀሐይ ገጽ 40 በመቶውን ትጋርዳለች። ብርሃኑ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አይኖርም፤ የተገመጠችውን ፀሐይ ለማየት የግርዶሽ መነጽር ያድርጉ፣ ወይም ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው በቀዳዳ ምስል ወረቀት ላይ ይጣሉ።»

ሌንስ፦
ጥሩ ነው። «40 በመቶውን» ከሚለው በፊት «በከፍተኛው ሰዓት» ይግባበት፤ አለበለዚያ ገና ሲጀምር ወጥቶ 40 በመቶ የሚፈልግ አይጠፋም። ሰዓቱም የአገር አቆጣጠር ይሁን የውጭ ይገለጽ፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ከመነጽሩ በፊት ግርዶሹን ያሳጣል።