ከኮሌጅ ኳርተርባክነት ወደ አሠልጣኝነት፦ መንገዱ በምን በኩል ነው?

ማራኪ ሰፈር
ሰላም እንዴት ናችሁ? እዚሁ ጎንደር ለስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች «ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት» በሚል አጭር ገለጻ አለብኝ። ፋሲል ከነማንና እግር ኳሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ለየት እንዲል የአሜሪካን ፉትቦል መረጥሁ። የታወቁት አሠልጣኞች ላሪ ኬረስና ሾን ፔይተን ሁለቱም ዛሬ ዲቪዚዮን 3 (ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት ደረጃዎች ዝቅተኛው) ውስጥ ባሉ ኮሌጆች ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ነበሩ ብዬ ይዣለሁ። እንደ ካፍ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ያለ የላይሰንስ እርከን አላቸው ወይ? ከሌላቸው ልጁ መጫወት ባቆመ ማግስት ከየት ይጀምራል? ሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ካለም ጠቁሙኝ።

አራተኛ ዳውን
መጀመሪያ እርማት። ፔይተን የተጫወተው ለኢስተርን ኢሊኖይ ነው፤ ያ ደግሞ ያኔ ዲቪዚዮን 1-ኤኤ፣ ማለትም ስኮላርሺፕ የሚሰጥበት ከፍ ያለ እርከን ነበር። ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስልህ። ዲቪዚዮን 3 ላይ በስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም፤ አሠልጣኙ ተጫዋች የሚያመጣው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞሮ፣ ወላጅ አሳምኖ ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም። ያለው የሥራ እርከን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከኬረስ የተሻለ ምሳሌ አታገኝም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኦሃዮ ባለው ማውንት ዩኒየን ኮሌጅ ኳርተርባክ ነበር። ሲመረቅ ቦውሊንግ ግሪን ሄዶ ግራጁዌት አሲስታንት ሆነ፤ ማለትም ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ቡድኑን የሚያግዝ። ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሠለጠነ፣ ከዚያ በረዳትነት ወደ ማውንት ዩኒየን ተመለሰ። ዋና አሠልጣኝነቱን የያዘው በ1986 ነው። እስከ 2012 ድረስ 332 አሸነፈ፣ 24 ተሸነፈ፣ 3 አቻ ወጣ፤ 11 ጊዜም የዲቪዚዮን 3 ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ላይ የኮሌጁን የዋናተኞች ቡድንም ያሠለጥን ነበር። በትንሽ ኮሌጅ አንድ ሰው ሁለት ሥራ መደረቡ ያለ ነው።

ከኬረስ ሥር ሪሲቨር (የተወረወረውን ኳስ ተቀባይ) ሆኖ የተጫወተውና ማሠልጠንም እዚያው የጀመረው ኒክ ሲሪያኒ በ2025 ከፊላደልፊያ ጋር ሱፐር ቦውልን (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ የዋንጫ ጨዋታ) አሸንፏል። ይቺን አትርሳት፤ ተማሪዎቹን ታነቃቃቸዋለች።

ሁለት ሴፍቲ
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ግን የቪዲዮውን ሥራ ከዘለልኸው ገለጻህ ጎዶሎ ይሆናል። የጀማሪ ረዳት ውሎ ሜዳ ላይ አይደለም። ጨዋታው ከሁለት ቦታ ይቀረጻል፤ አንዱ ከጎን፣ ሌላው ከኤንድ ዞኑ (ነጥብ ከሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ) ጀርባ ከፍ ብሎ። ረዳቱ እያንዳንዱን ሙከራ ለየብቻ ይቆርጥና ሠንጠረዥ ይሞላል፦ ስንተኛ ዳውን ነው (10 ያርድ፣ ወደ 9 ሜትር፣ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ስንተኛው)፣ ስንት ያርድ ቀረ፣ ኳሱ በግራ፣ በቀኝ ወይስ በመሀል ነበር፣ አሰላለፉ ምን ይመስላል፣ ስንት ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ ሯጭ) እና ስንት ታይት ኤንድ (መንገድም የሚከፍት፣ ኳስም የሚቀበል) ገባ፣ ሮጡ ወይስ ወረወሩ፣ ስንት አገኙ። አንድ ቁጥር ከተዛነፈ ዕቅዱ ይበላሻል። 2 ያርድ የቀረው 3ኛ ዳውን «12» ተብሎ ከተሞላ፣ ተጋጣሚው ርቀቱ ሲረዝምም የሚሮጥ ቡድን መስሎ ይታያል፤ ተከላካዮቹም ያለቦታው ይጠብቁታል።

ኳርተርባክ ለዚህ የሚቀርበው ሲጫወትም የ11ዱን ሰው ድርሻ ማወቅ ስላለበት ነው። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ከኋላ ያሉት ሴፍቲዎች (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) ሁለት ናቸው ወይስ አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ከተነሣ በኋላ አንዱ ወደ ፊት ከወረደ ሊወረውር ያሰበውን ይቀይራል።

ግን አሠልጣኝ ሲሆን የሚያሰናክለውም ይኸው ልማድ ነው። ዓይኑ ኳሱን ይከተላል። 5 እርምጃ ወደ ኋላ በሚኬድበት ቅብብል አምስተኛው እግር እንዳረፈ ኳሱ መውጣት አለበት፤ ወርዋሪው አንዴ ተጨማሪ ከረገጠ ተከላካዩ ይደርስበታል። አሠልጣኙ ኳሱን ሲያይ ስለነበር «ክንድህ ደከመ» ይለዋል፤ ጥፋቱ ግን የእግር ነው። ሌላው ደግሞ ራሱ አራት ዓመት የሸመደደውን ለአንደኛ ዓመት ልጅ በሁለት ሳምንት ሊያስጨርስ መሞከሩ ነው።

ማራኪ ሰፈር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ፔይተንን አወጣዋለሁ። ግራጁዌት አሲስታንት ደመወዝ አለው? ሙሉው ሜዳስ ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ ይሠመር ይሆን?

አራተኛ ዳውን
ደመወዝ ለማለት ይከብዳል። ዋናው ጥቅሙ የትምህርት ክፍያው መሸፈኑ ነው፤ በዚያ ላይ መጠነኛ የኪስ ገንዘብ።

ሙሉው ሜዳ ከነኤንድ ዞኖቹ 120 ያርድ፣ ወደ 110 ሜትር ነው፤ ስፋቱ ወደ 49 ሜትር። በተለመደው 105 በ68 የእግር ኳስ ሜዳ ላይ በወርድ ይተርፍሃል፣ በቁመት ያጥርሃል። ይልቅ ፍላግ ፉትቦል አሳያቸው፤ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ገብቷል። 5 ለ 5 ነው፣ ተጋጣሚን ይዞ መጣል የለም፤ ኳስ የያዘው የሚቆመው ወገቡ ላይ ያለው ጨርቅ ሲነጠቅ ነው። ሜዳው 64 በ23 ሜትር ይሆናል፤ ከርዝመቱ ላይ በየጫፉ 9 ሜትር ለኤንድ ዞን ትተዋለህ። ወገብ ላይ የሚንጠለጠለውን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ጨርቅ ቁረጡ። ቀበቶው ላይ እንዳትቋጥሩት፤ በአንድ ጉተታ ካልወለቀ ልጁ ተጎትቶ ይወድቃል።

ሁለት ሴፍቲ
ጊዜ ካጠረህ ጨዋታውን ተወውና ሁለት ልጅ ብቻ አቁም፤ አንድ ወርዋሪ፣ አንድ ተቀባይ። ሞላላው የአሜሪካን ፉትቦል ኳስ ካልተገኘ በእጅ የሚጨበጥ ትንሽ የእጅ ኳስ ይበቃል፤ እንደ ሞላላው አይሾርም እንጂ ኳሱ የሚወጣበትን ሰዓት ያሳያል። ከወርዋሪው አንድ ምልክት 5 ሜትር፣ ሌላውን 11 ሜትር ላይ አድርግ። ወርዋሪው ለቅርቡ 3 እርምጃ፣ ለሩቁ 5 ወደ ኋላ ሄዶ ይወርውር። ከተመልካቾቹ ግማሹ ኳሱን፣ ግማሹ የወርዋሪውን እግር ብቻ ይይ። ኳሱ ሲዘገይ ምክንያቱን መጀመሪያ ኳስ ያዩትን ጠይቅ፣ ቀጥሎ እግር ያዩትን።