ከሥራ መልስ ለስድስት ሰው የሚሆን የዓሣ እራት፦ ሳይፈርስና ዘይት ሳይበዛበት እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ልጆቹ ደግሞ 2 ሰዓት ከመሆኑ በፊት በልተው መተኛት አለባቸው። በቤቱ ስድስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ11፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም የደም ግፊት ስላለባቸው ጨውና ቅባት እንዲቀንሱ የታዘዙት አማቴ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን በሥጋ ፈንታ ዓሣ እንብላ ብለን ከተስማማን ወር ሆኖናል፤ እስካሁን ግን አንድም ቀን አምሮልኝ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ የገዛሁትን የቆሮሶ ፍሌቶ በረዶው በቅጡ ሳይለቅ ከቁሌቱ ጨምሬ እንደ ሥጋ ወጥ ሳማስለው ቆየሁና፣ ክዳኑን ስከፍት ዓሣው ከመረቁ ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። በዚያ ላይ ትንሹ ልጄ ቀጭን አጥንት ከአፉ አውጥቶ ስላሳየን ታላላቆቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጥበሰው እንዳልል ዘይቱ ለአማቴ አይሆንም። ልጅም አዋቂም ከአንድ ድስት የሚበላው፣ ቶሎ የሚደርስ አሠራር የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ፍስክ ቀን እራት ነው።

መልስ (ከሐዋሳ)

እኅቴ፣ ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው። የዓሣ ሥጋ እንደ በሬ ሥጋ ጠንካራ ጅማት የለውም፤ ክሮቹ አጫጭር ናቸው፤ እነርሱን የሚያያይዘው ስስ ነገርም በጥቂት ሙቀት ይሟሟል። ስለዚህ የበሬ ሥጋ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ሲለሰልስ፣ ዓሣ በቆየ ቁጥር ይፈርሳል። እኛ ቤት ቁሌቱ ጨርሶ ሳይበስል ዓሣ ወደ ድስቱ አይጠጋም።

ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት አድቅቀው ከትፈው በጥቂት ውሃ ያቁላሉ፤ ሽንኩርቱ ሲልም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ይጨምሩ። ከዚያ ሦስት የበሰሉ ቲማቲሞች ከትፈው አክለው፣ ውሃቸው ተኖ ቁሌቱ እስኪወፍር ድረስ ያብስሉት። እስከዚህ ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቁሌቱን ማታ ሠርተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካሳደሩት ግን የሚቀረው ማሞቅ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ፍሌቶ አራት ጣት ያህል ስፋት ባላቸው ቁራጮች ቆርጠው፣ እሳቱን ቀንሰው በቁሌቱ ላይ ጎን ለጎን ያስተኙትና ይክደኑት። ማማሰያውን ከዚህ በኋላ ከእጅዎ ያርቁ፤ መረቁ ወደ ላይ እንዲደርስ ከፈለጉ ድስቱን በጆሮው ይዘው በቀስታ መወዝወዝ ይበቃል። ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መስተዋት ይመስል የነበረው ሥጋ ወተት ይመስላል፤ በሹካ ሲነካም በንጣፍ በንጣፉ ይላቀቃል። ያን ጊዜ የተሰነጠቀ ቃሪያና ትንሽ በሶብላ ጣል አድርገው ያውጡት።

ስለ በረዶው፣ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ፍሌቶውን ከበረዶ ቤቱ ወደ ማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ያዛውሩት። ከረሱት ውሃ በማያስገባ ፌስታል አስረው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ውሃውንም በየግማሽ ሰዓቱ ይለውጡ። ከለቀቀ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ያድርቁት፤ ወጥዎን ያቀጠነው አንዱ ነገር ከዓሣው የወጣው ውሃ ይመስለኛል። ሎሚም ቢሆን ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይበት፤ ኮምጣጣው ራሱ ሥጋውን አብስሎ ያሻክረዋል።

አጥንቱን በተመለከተ፣ የቆሮሶ ፍሌቶ ከራሱ በኩል ባለው ወፍራም ክፍል መሐል ለመሐል የሚሄድ የቀጫጭን አጥንቶች መሥመር አለው። ጣትዎን በመሥመሩ ላይ ቢያሳልፉ ይወጋዎታል፤ ግራና ቀኙን በቢላ ቀደው ያን ቀጭን ቁራጭ ጨርሶ ማውጣት ይቻላል። ለልጆች የሚቀርበውን እኔ ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ፣ እዚህ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጥሬውን በአዋዜ የሚበላ ሰው ሞልቷል፤ ከሐይቅ የወጣ ጥሬ ዓሣ ግን ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም አልመክረውም።

መልስ (ከሜሪላንድ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ በሥራ ቀን ግን ሽንኩርት ማቁላላቱ ራሱ ለእኔ ብዙ ነው። ኦቨን ካለዎት እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁት። የትሪው ወለል ላይ በስሱ የተቆረጠ ድንችና ካሮት በጥቂት ዘይት አሽተው ዘርግተው ሃያ ደቂቃ ያህል ያስቀድሙት፤ ከዚያ ዓሣውን ከላይ አስተኝተው ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ጭማቂና የጥብስ ቅጠል አድርገው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይመልሱት። ዓሣው እየበሰለ እርስዎ ሰላጣ ያዘጋጃሉ፤ የልጆችንም የቤት ሥራ ያያሉ። እዚህ አገር የወፍራሙ ክፍል ውስጠኛ ሙቀት 63 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል ይባላል፤ ቴርሞሜትር ከሌለ የሹካው ምልክት በቂ ነው።

በመጠኑ ላይ ግን ከሐዋሳው ወንድማችን እለያለሁ፤ አንድ ኪሎ ለእናንተ ይበዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ4 እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ በአንድ ጊዜ 57 ግራም ገደማ፣ ለ11 ዓመት ልጅና ለአዋቂ 113 ግራም ገደማ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመክራል። አዋቂዎቹ ከፍ አድርገው ቢበሉ እንኳ 700 ግራም ይበቃችኋል። ቆሮሶ ሜርኩሪው (በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀም መርዛማ ብረት) ዝቅተኛ በመሆኑ ለልጆች ከሚመረጡት ዓሦች አንዱ ነው፤ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 ግን በሳልመንና በሰርዲን ውስጥ እንዳለው ያህል የለውም። ስለዚህ ከሁለቱ ቀናት በአንዱ የታሸገ ሰርዲን ብታደርጉ አይከፋም፤ ብቻ ለአማትዎ ሲሆን በጣሳው ላይ የተጻፈውን የጨው መጠን አይተው ይግዙ።

መልስ (ከባሕር ዳር)

ስለ ጨው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቤት በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይፈጫል፤ ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ጨው አልጨመርኩም ማለት ወጡ ጨው የለውም ማለት አይደለም። ለአማትዎ የሚሆነው አልጫው ነው፤ ሎሚ፣ ቃሪያና ጦስኝ የጨውን ጉድለት በደንብ ይሸፍናሉ። አጥንት ለሚፈራ ልጅ ደግሞ አምባዛ ይግዙ። ቅባቱ ከቆሮሶ ትንሽ ከፍ ይላል፤ መልኩም ብዙ ሰው አይወድለትም፤ ፍሌቶው ግን እንዲህ ያለ ቀጭን አጥንት እምብዛም ስለሌለው እኛ ቤት ሕፃናቱን ዓሣ ያስለመድናቸው በእርሱ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦቨን ስለሌለኝ ትናንት የድስቱን አሠራር ሞከርኩ፤ ቁሌቱን ከትናንት በስቲያ ማታ ስለሠራሁ፣ ገብቼ ልብሴን ቀይሬ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ገበታው ቀረበ። ዓሣው ቁራጭ በቁራጭ ወጣ፤ ማማሰያውን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ከሩዝና ከተቀቀለ ጎመን ጋር ነው የበላነው። የ4 ዓመቱ መጀመሪያ በጣቱ ፈልጎ ፈልጎ አጥንት ሲያጣ ሁለት ቁራጭ በላ። አማቴ «አልጫ ዓሣ የበሽተኛ ምግብ ነው» ብለው ቅር ቢላቸውም ሎሚ ሲጨመርበት ሳህናቸውን ጨረሱ። ምክሩን ከማንበቤ በፊት አንድ ኪሎ ገዝቼ ስለነበር ግን ተረፈ፤ ዛሬ ቢሞቅ ይደርቅ ይሆን?

መልስ (ከሜሪላንድ)

ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ዛሬ መብላት ይቻላል፤ መልሶ ማሞቁ ግን እርስዎ እንደሰጉት ያደርቀዋል። ከመረቁ አውጥተው በእጅዎ ይፈረካክሱት፤ አጥንት ካለም ያን ጊዜ ይገኛል። ከተቀቀለ ድንችና ከቃሪያ ጋር ለውሰው በሳምቡሳ ሊጥ ይጠቅልሉትና ዘይት በተቀባ መጥበሻ ላይ እያገላበጡ ያብስሉት። ለታላላቆቹ ልጆች ለነገ ምሳ ዕቃቸውም ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ግን ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆይ ዕቃ ከሌላችሁ እቤት ብሉት።